መብራት ላይ የተፈናጠጠ ኢንተርኔት

ፓወርላይን የሚባለው ዕቃ መዳፍ የሚያክሉ ሁለት ነጫጭ ሳጥኖች ናቸው። አንዱ ራውተሩ አጠገብ ባለ ሶኬት ላይ ይሰካና በአጭር ገመድ ከራውተሩ ጋር ይያያዛል፤ ሌላው ኢንተርኔት አልደርስ ባለበት ክፍል ሶኬት ላይ ይሰካል። በሁለቱ መካከል የሚዘረጋ አዲስ ገመድ የለም። ግድግዳ አይበሳም፣ ኮርኒስ አይነሳም። ኢንተርኔቱ ለአምፖልና ለምጣድ ተብሎ በተዘረጋው ሽቦ ላይ ተፈናጥጦ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ሳጥን ዘንድ ሲደርስ ወርዶ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ወይም፣ ሳጥኑ ዋይፋይ ያለው ከሆነ፣ በአየር ወደ ስልክ ይገባል።

ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሁለት ጥያቄ አያጣም። የመጀመሪያው «እንግዲህ ኢንተርኔትንም መብራት ኃይል ሊሰጠን ነው?» የሚል ነው፤ ጠያቂው ይህን ሲል ፊቱ ላይ የሚነበበው ደስታ አይደለም። ግን ሥጋት አይግባው። ኢንተርኔቱ እንደወትሮው ከቴሌ ወይም ከሳፋሪኮም መጥቶ ራውተሩ ውስጥ ይገባል፤ የመብራት ሽቦው የሚያገለግለው ከሳሎን እስከ ጓዳ፣ ከትልቁ ቤት እስከ ሰርቪሱ ላለችው አጭር መንገድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የቤቱ እመቤት ጥያቄ ነው፤ «ካርድ ይበላል?» መብላቱንስ ይበላል፤ አንዱ ሳጥን ከ2 እስከ 5 ዋት ገደማ ይወስዳል። ሁለቱም 3፣ 3 ዋት እየወሰዱ ወር ሙሉ ሳይነቀሉ ቢከርሙ ድምሩ 4 ኪሎዋት ሰዓት ከጥቂት ነው። 3 ኪሎዋት ተኩል የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ በአንድ ሰዓት ከሩብ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ካርድ አለቀ ሲባል ጣት መቀሰር ያለበት ወደ ሳጥኑ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ሳጥኑ በዚያው ሽቦ ላይ በሰከንድ ከ2 ሚሊዮን እስከ 28 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ በጣም ደካማ ምልክት ይጨምርበታል፤ አዳዲሶቹ ሳጥኖች እስከ 86 ሚሊዮን ድረስ ይወጣሉ። አምፖሉ ስለተጨመረው ነገር ደንታ የለውም፤ ሳጥኖቹም 50ውን አጣርተው ጥለው የራሳቸውን ብቻ ያዳምጣሉ። መልእክቱ የሚላከው በመቶ በሚቆጠሩ ቀጫጭን ሞገዶች ተከፋፍሎ ነው፤ ሆምፕለግ ኤቪ በሚባለው ስታንዳርድ 917 ያህል ናቸው። ሳጥኖቹ እያንዳንዱን ሞገድ እየሞከሩ ጥርት ብሎ በሚሰማው ላይ ብዙ ይጭናሉ፣ በሚንጫጫው ላይ ጥቂት፣ ጨርሶ የማይሰማውን ይተዉታል። ሙከራው አያቋርጥም። ለዚህ ነው የአንድ ቤት ፍጥነት ጠዋትና ማታ አንድ የማይሆነው፤ የስልክ ቻርጀር ሲሰካና ሲነቀልም ይለያያል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ከ1920ዎቹ ጀምሮ በከፍተኛ ኃይል መስመሮቻቸው ላይ ንግግር እየጫኑ ጣቢያ ከጣቢያ ሲነጋገሩበት ኖረዋል። መኖሪያ ቤት የገባው ግን በዚህ ምዕተ ዓመት መባቻ ነው። የመጀመሪያው ሆምፕለግ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ 14 ሜጋቢት በሰከንድ ይል ነበር፤ በ2005 ሆምፕለግ ኤቪ 200 አለ፤ በ2010 አይ-ትሪፕል-ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር 1901 የሚል ቁጥር የሰጠው ስታንዳርድ ወደ 500 ወጣ፤ ከ2012 ወዲህ የመጣው ኤቪ2 ከ1,000 በላይ ይናገራል። ጂ.ኤችኤን የሚባል ሌላ ወገንም አለ። የሁለቱ ወገን ሳጥኖች ቋንቋ ለቋንቋ አይግባቡም፤ ከአንዱ አንድ፣ ከሌላው አንድ ገዝቶ ማጣመር ገንዘብ ማባከን ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 600፣ 1000፣ 1300 ወይም 2000 የሚል ቁጥር ደግሞ ራሱን የቻለ ሥነ ጽሑፍ ነው። የኢሉባቦር ሰው ይህን ሥነ ጽሑፍ ለማንበብ ከማንም በላይ የተዘጋጀ ነው። ጀንፈል ተመዝኖ ሲገባ ክብደቱ ያኮራል፤ ሲፈለፈል ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል፤ ሲለቀም ይጎድላል፤ ሲቆላ እንደገና ይቀላል። ካርቶኑ የሚያወራው ስለ ጀንፈሉ ነው። ስኒው ላይ የሚደርሰውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቁጭ ብሎ ራሱ መፈልፈል አለበት።

የመጀመሪያው ገለባ መላክና መቀበል ተደምረው መጻፋቸው ነው። ሽቦው አንድ ስለሆነ ሳጥኖቹ የሚናገሩት በየተራ ነው፤ አንዱ ሲልክ ሌላው ዝም ይላል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ምንም ሌላ ዕቃ ባልተሰካበት፣ አጭርና አዲስ ሽቦ ላይ ሊገኝ የሚችለው ጣሪያ ነው፤ እንዲህ ያለ ሽቦ ያለው ቤት ውስጥ ሰው አይኖርም። ሦስተኛ፣ በሽቦው ከሚሄደው ነገር ቀላል የማይባለው የሳጥኖቹ የእርስ በርስ ሰላምታ፣ የስህተት ማረሚያና የምስጢር መጠበቂያ ነው። አራተኛው ከሁሉም ይብሳል። 500 ወይም 600 የተጻፈባቸው ብዙዎቹ ሳጥኖች ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳቸው ራሱ ከ100 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍም። 600 የሚያመላልስ ዕቃ በ100 በር! ካርቶኑ ይህን አልደበቀም፤ ከጀርባው፣ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል ጽፎታል።

ይህ ሁሉ ተፈልፍሎ ሲያበቃ 600 የተባለው ጥንድ ደህና ሽቦ ባለው ቤት፣ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች መካከል ከ60 እስከ 90 ሜጋቢት፣ ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ከ20 እስከ 50፣ ሽቦው አሮጌ በሆነበት ደግሞ ከ10 በታች ቢሰጥ የሚጠበቅ ነው። 1000ና ከዚያ በላይ የሚሉት ሰፋ ያለ ቀዳዳ ስላላቸው በጥሩ ሽቦ ላይ 100ን በደህና ያልፋሉ፤ ሶኬቱ በራቀ ቁጥር ግን ከ600ው ጋር ያላቸው ልዩነት እየጠበበ ይመጣል። የሚጨምሩት ከፍ ያለ ሞገድ በሽቦ ላይ ርቆ ስለማይሄድ ነው። ይህ ሁሉ የሚቆጠረው በሜጋቢት መሆኑንም መርሳት አይገባም። የኢንተርኔት ጥቅል ሲገዛ የሚቆጠረው በሜጋባይት ነው፤ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 40 ሜጋቢት ሲባል በሰከንድ 5 ሜጋባይት ብቻ ይገኛል።

ካርቶኑን ዋሾ ብሎ ከመራገም በፊት ግን በዋናው በር የሚገባው ኢንተርኔት ስንት እንደሆነ ማየት ይገባል። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል እጅግ ቢፈጥን 24 ሜጋቢት ነው፤ ያም ቤቱ ከቴሌው ጣቢያ አጠገብ ከሆነ ነው። በሲም ካርድ የሚሠራውም ራውተር ማታ ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቪዲዮ ላይ በሚሰፍርበት ሰዓት፣ ቀን ያሳየውን ፍጥነት አያሳይም። ፋይበር የገባለትም ሰው የሚያገኘው የከፈለበትን ጥቅል ያህል ነው። ለአንድ ጥርት ያለ ቪዲዮ 5 ሜጋቢት ይበቃል፤ ለቪዲዮ ጥሪ ከዚያም ያነሰ። 10 ሜጋቢት ለሚከፍል ቤት የመብራት ሽቦው 30 ካሳለፈ 20ው ትርፍ ነው፤ ሽቦው 300 ቢያሳልፍም ከ10ሩ ላይ አንድ አይጨምርም። ስለዚህ ፓወርላይንን ለፍጥነት ብሎ የሚገዛ ሰው ይከፋዋል፤ ለስፍራ ብሎ የሚገዛ ግን ደስ ብሎት ይኖራል።

በስፍራ ጉዳይ ጎሬ የምትታማ አይደለችም። የኢሉባቦር ዋና ከተማነቷን እ.ኤ.አ. በ1978 ለመቱ ካስረከበች ወዲህ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው መቱ የሚያስፈጽሙት ጉዳይ በዝቷል። ግቢዎቿ ግን ቡናው በጋምቤላና በባሮ ወንዝ ወደ ካርቱም ይወርድ በነበረበት ዘመን የለመዱትን ስፋት አልተዉም። ከፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤቱ ወዲያ የሚከራየው ሰርቪስ፣ በመካከል ቡና፣ አቮካዶና ጎመን። ራውተሩ የት እንደሚቀመጥ መገመት አያስቸግርም። ሳሎን፣ ቡፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴል ለብሶ። አንቴናዎቹ በዳንቴሉ ጫፍ ብቅ ብለዋል፤ ጎናቸው የፕላስቲክ አበባና የሠርግ ፎቶግራፍ አለ። ከዚያ ተነሥቶ ሰርቪስ ድረስ ለሚሄድ ዋይፋይ የጭቃ ግድግዳው ያደክመዋል እንጂ አይከለክለውም፤ ብሎኬት ይብሳል፤ ጨርሶ የሚመልሰው ቆርቆሮ ነው። ማድ ቤቱ በቆርቆሮ ከታጠረ ሞገዱ እዚያ ነጥሮ ይመለሳል።

ሰርቪሱን የተከራየው አስተማሪ ታዲያ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ግቢውን ሲዞር ይሰነብትና በመጨረሻ አቮካዶው ሥር ያለችውን ድንጋይ ያገኛታል። ድንጋይዋ ላይ ሲቀመጥ ኢሞ ይሠራል፤ ሲነሣ ይቆረጣል። በሁለተኛው ሳምንት የአከራዩ ልጆችም፣ ከሳዑዲ የሚደወልላቸው ጎረቤትም ድንጋይዋን ያውቋታል። ወረፋ ይጀመራል። «እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይባላል፤ እማማም የልጃቸውን ፊት እያዩ የአገር ቤቱን ወሬ አንድ በአንድ ሲያወርዱ ቀጣዩ ባለ ተራ ጃንጥላ ይይዝላቸዋል። ፓወርላይን የተሠራው ለዚህች ድንጋይ ነው። ትልቁ ቤትና ሰርቪሱ አንድ ቆጣሪ ይጋራሉ፤ በመካከላቸው መብራት የምታሻግር ሽቦ አስቀድማ ተዘርግታለች። ቆርቆሮው ዋይፋይን እንጂ ሽቦን አይመልስም።

ሽቦ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አምራቾቹ ምልክቱ በሽቦ ላይ እስከ 300 ሜትር ይሄዳል ይላሉ፤ ለአንድ ግቢ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ርዝመቱ ሳይሆን በርዝመቱ ላይ ያለው ታሪክ ነው። ኮርኒሱ ቢነሳ የሚታየው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ ከቆጣሪው የወጣው ወፍራም ሽቦ ሁለት ክንድ ሳይሄድ ከቀጭን ጋር ተጠምዝዟል፤ መጋጠሚያው በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ናስትሮው ደርቆ ተላቋል፤ ከዚያ ሥር ልጅ ሲዳር ለድንኳኑ መብራት የተቀጠለ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ ወዲህ ግን የትም የማይደርስ ሽቦ ተንጠልጥሏል። አምፖል ለማብራት ይህ ሁሉ ይበቃል። ለከፍተኛ ሞገድ ግን እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከፊሉን ምልክት ወደ መጣበት ይመልሳል፤ የትም የማይደርሰውም ሽቦ ምልክቱን ተቀብሎ መልሶ እየወረወረ አንዱን ከሌላው ያደባልቃል። የጎሬ ቤቶች ሽቦ የቤተሰቡን ታሪክ ስለሚናገር ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ለኢንተርኔት ግን ታሪክ የሌለው ሽቦ ይሻላል።

ሌላው የሽቦ ጉዳይ ሦስተኛዋ ሽቦ ናት። ኤቪ2 ከ1,000 በላይ የሚናገረው ከፌዝና ከኒውትራል በተጨማሪ የመሬት ሽቦዋን እንደ ሁለተኛ መንገድ ስለሚጠቀም ነው። በብዙ አሮጌ ቤቶች ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ማሰሪያ ይኑረው እንጂ ከኋላው የታሰረ ነገር የለም፤ ወደ ሰርቪስ የሚሻገረውም መስመር ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቤት 2000 የሚለው ሳጥን በግማሽ ሳንባው ይሠራል፤ ባለቤቱ ግን የከፈለው ለሙሉው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የአሰካክ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ከሳጥኑ ይልቅ የቤቱ ልማድ ይፈረድበታል። ሕጉ አንድ ነው፤ ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት በቀጥታ ይሰካ። ጎሬ ላይ ግን አንድ ክፍል አንድ ሶኬት ካለው ዕድለኛ ነው። በዚያች ሶኬት ላይ ዲቫይደር፣ በዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር፣ ከሁለተኛው ዲቫይደር ፍሪጁን የሚጠብቅ ስታቢላይዘር፣ ከስታቢላይዘሩ ቴሌቪዥን፣ ዲሽ፣ ራውተርና ሦስት ቻርጀር ይወጣሉ። ሳጥኑ ከስታቢላይዘሩ በኋላ ከተሰካ ነገሩ አበቃ። ስታቢላይዘርና ከመብረቅ ይከላከላል የሚባለው ዲቫይደር ሥራቸው እንግዳ ሞገድን ከሽቦው ላይ ማባረር ነው፤ ሳጥኑ የሚልከው ደግሞ ያንኑ እንግዳ ሞገድ ነው። ተራው ዲቫይደርም ቢሆን ፍጥነቱን ይጎዳል። መፍትሔው በገዛ ፊቱ ላይ ሶኬት ያለው ሳጥን መግዛት ነው፤ ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ይሰካል፣ የዲቫይደሩ ሠራዊት ሁሉ ከሳጥኑ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሳጥን ውስጥ ማጣሪያ ስላለ ከዲቫይደሩ የሚመጣውንም ጫጫታ ይቀንሳል። ምጣድ ግን በዚህች ፊት ላይ አይሰካም፤ ምጣድ ምንጊዜም የራሱ ሶኬት ይገባዋል።

ምጣድ ከተነሣ ዘንድ፣ ኢንተርኔት በቀዘቀዘ ቁጥር በሐሰት የሚከሰሰው እሱ ነው። ልጅየው ከጓዳ «እንጀራ እየተጋገረ እኮ ነው!» ይላል፤ እናት ምጣዱን ለኢንተርኔት ብላ አታጠፋውም፤ ክርክሩ እዚያው ይቀራል። በእውነቱ ምጣድ ጸጥተኛ ዕቃ ነው። ከሳጥኑ አጠገብ ከተሰካ ምልክቱን በመጠኑ ሊውጥበት ይችላል እንጂ አይንጫጫም። የሚንጫጩት ትንንሾቹ ናቸው። ርካሹ የስልክ ቻርጀር፣ በሦስት ወር የሚቃጠለው ኤልኢዲ አምፖል፣ የዲሹ መቀበያ ዕቃ፤ እነዚህ 220ውን እየቆራረጡ ወደ ትንሽ ቮልት ሲያወርዱ ሳጥኖቹ በሚነጋገሩበት ሞገድ ላይ ይጮኻሉ፤ ርካሽ በሆኑ ቁጥር ማጣሪያ ስለማይገባላቸው ጩኸታቸው ይብሳል። ጁስ መፍጫና የአናጢ መሰርሰሪያም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ የእነሱ ጥፋት ግን የደቂቃዎች ነው። ጥፋተኛውን የሚፈልግ ሰው የቤቱን ስፒናዎች አንድ በአንድ እየነቀለ ፍጥነቱን ይለካ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማንም ያልጠረጠረው፣ ስልክ ሳይሰካበት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ የከረመ ቻርጀር ነው።

የአውሮፓ መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ገጽ የሚሰጡት የፌዝ ጉዳይ እዚህ አጭር ነው። አንዱ ሳጥን በአንድ ፌዝ፣ ሌላው በሌላ ፌዝ ላይ ከዋለ ምልክቱ ሽቦዎቹ ጎን ለጎን በሚሄዱበት ቦታ ካልዘለለ በቀር አይሻገርም፤ ፍጥነቱም ይወድቃል። የጎሬ መኖሪያ ቤት ግን አብዛኛው ሲንግል ፌዝ ስለሆነ ይህ መከራ የሚያገኘው ባለ ወፍጮውን፣ ባለ ብየዳውንና ባለ ሆቴሉን ነው። ሦስት ፌዝ ያስገባ ሰው ሳጥኖቹን ከመሰካቱ በፊት ኤሌክትሪሺያኑን የትኛው ክፍል ከየትኛው ፌዝ እንደታሰረ ይጠይቀው፤ ኤሌክትሪሺያኑም የሚያስታውስ ከሆነ ይነግረዋል።

ምልክቱ በቆጣሪ ላይ ይቆማል የሚል እምነት አለ። ይዳከማል እንጂ ሁልጊዜ አይቆምም። ከዚህም በላይ፣ በጎሬም በመቱም ቆጣሪ የሌለው ቤት ከጎረቤቱ ቆጣሪ ሽቦ ስቦ የወሩን ድርሻ እየከፈለ የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ከሆነ ጎረቤቱ ከባለ ቆጣሪው ቤት ጋር በአንድ ሽቦ ላይ ነው ያለው። ሳጥኖቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ይዘው ስለሚወጡ፣ ተመሳሳይ ሳጥን ገዝቶ የሰካ ጎረቤት ሳይጋበዝ ሊገባ ይችላል። ሲጠየቅም መልስ አያጣም፤ «ጋሼ፣ የመብራቱን ድርሻ በየወሩ እየከፈልኩ አይደል እንዴ?» ይላል። ክርክሩን በሽምግልና ከመፍታት ሳጥኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ መጫን ይቀላል። ቁልፏ በሁለቱም ላይ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስትጫን ጥንዶቹ የራሳቸውን አዲስ ቁልፍ ቃል ይፈጥራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ባለ 128 ቢት ምስጢር ይሆናል። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ዕቃው ሳይነካካ ስለሚሠራ።

ጎረቤት ያላማረረው ሳጥን አባትን ሊያማርር ይችላል። የሳጥኖቹ ሞገድ ከ2 እስከ 28 ሚሊዮን ነው ተብሏል፤ አጭር ሞገድ የሚባለው የሬዲዮ ሰፈርም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨውን ዶይቸ ቬለን በአጭር ሞገድ ሲከታተሉ የኖሩ አባት፣ ልጃቸው ጓዳ ፊልም ማውረድ በጀመረ ቁጥር ሬዲዮናቸው እንደሚንሾካሾክ ቢናገሩ የዕድሜ ነገር ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። የቤቱ ሽቦ ለሳጥኑ መንገድ፣ ለሬዲዮው ደግሞ የጫጫታ አንቴና ሆኗል። ስታንዳርዱ የአማተር ሬዲዮ ባንዶችን እንዲተው ታዝዟል፤ ዜና የሚመጣባቸው ባንዶች ግን ያን ዕድል ሁልጊዜ አላገኙም። ሬዲዮኑን በባትሪ ማድረግና ከግድግዳ ማራቅ ይረዳል፤ በረንዳ ላይ ማዳመጥ ደግሞ የበለጠ ይረዳል።

ዝናብና መብራት መጥፋት ይቀራሉ። ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ዝናቡም ብቻውን አይመጣም፣ መብረቅ አስከትሎ ነው። ሰማዩ ሲያጉረመርም መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ይነቀላል፣ ቀጥሎ ፍሪጁ፤ ሳጥኖቹ ግን ትንንሽ ስለሆኑ ይረሳሉ። ከመብረቅ የሚጠብቃቸውን ዲቫይደር ቢያገኙ ደግሞ ከላይ እንደተባለው አይሠሩም፤ ስለዚህ ነቅሎ ማስቀመጥ ከሚለው የአያቶች ዘዴ የተሻለ እስካሁን የለም። የቮልት መውረድ ግን አያሳስብም። ማታ አምፖሉ ሲደክምና ፍሪጁ ሲያቃስት ሳጥኖቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ምንም አይሆኑም።

መብራት ሲሄድ ግን አብረው ይሄዳሉ። ከመቱ ብዙ በማይርቀው በሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ጀምሯል፤ አገሩም የውሃ ድሃ አይደለም፤ ሆኖም መብራት መሄዱን አልተወም። በዚያ ሰዓት ራውተሩን በትንሽ ባትሪ ማቆየት ይቻላል። ሳጥኖቹ ግን የሚበሉት ከግድግዳው 220 ስለሆነ ትንሿ ባትሪ አትደርስላቸውም። የቤቱን ሽቦ በሙሉ የሚመግብ ኢንቨርተር ወይም ጄኔሬተር ካለ ይሠራሉ፤ ያ የሌለው ቤት ግን መብራት እስኪመጣ ወደ አቮካዶዋ ድንጋይ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት መሞከር ያለበት ነፃው መፍትሔ ነው፤ ዳንቴሉን አንሥቶ ራውተሩን ከቡፌው ላይ አውርዶ ወደ ኋለኛው መስኮት ማዛወር። ብዙ ሰው ይህን የማያደርገው ቡፌው ባዶ ስለሚመስል ነው። ሁለተኛው ተራው የኔትወርክ ገመድ ነው። እስከ 100 ሜትር ድረስ ሙሉ ፍጥነቱን ሳያጎድል ይወስዳል፤ ቻርጀር አይረብሸውም፣ ጎረቤት አይጠልፈውም። የሚቸግረው መዘርጋቱ ነው። ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ ሲሻገር በጊዜ ብዛት ልብስ ይሰጣበታል፤ ፀሐይና ዝናብ ለሚችል ገመድ ተጨማሪ ብር ካልተከፈለ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ መብረቅም ያገኘዋል። ሦስተኛው የዋይፋይ ደጋሚው ነው። ርካሽ ነው፤ በአንድ አንቴና የሚቀበለውም የሚያስተላልፈውም ስለሆነ ግን የፍጥነቱን ግማሽ ያህል ለራሱ ያስቀራል፤ ቆርቆሮውንም አያልፈውም።

እንግዲህ ትልቁ ቤትና ሰርቪሱ በአንድ ቆጣሪና በአንድ ፌዝ ላይ ካሉ፣ በመካከላቸው ቆርቆሮ ካለ፣ በዋናው በር የሚገባውም ኢንተርኔት ከ30 ሜጋቢት የማይበልጥ ከሆነ፣ 600 የተጻፈበት፣ ፊቱ ላይ ሶኬት ያለው፣ ከሁለቱ አንዱ ዋይፋይ የሚረጭ ጥንድ ይበቃል። አዲስ ቤት የሚያሠራ ሰው ሽቦ ሲቀበር ጎኑ የኔትወርክ ገመድ ያስቀብር፤ ፓወርላይን አያስፈልገውም። ሻጩ መመለስ የሚፈቅድ ከሆነ ዕቃው በመጀመሪያ አንድ ክፍል ውስጥ ባሉ ሁለት ሶኬቶች ላይ ይሞከር፤ እዚያ ከሠራና ሰርቪስ ውስጥ ከደከመ ጥፋቱ የሽቦው ነው፣ እዚያም ካልሠራ የሳጥኑ ነው። 2000 የሚለውን ካልገዛሁ የሚል ሰው ደግሞ ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ሶኬቱን ፈትቶ ሦስተኛዋ ሽቦ መኖሯን ይይ፤ ከመፍታቱም በፊት መብራቱን ከቆጣሪው ላይ ያጥፋ።